ስብስብ አልበም ሁሉ የነጋዴ ብልጠት አይደለም፤ ስለ «ክሮኒክል»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በኪነ ጥበብ አምዳችሁ ላይ «የምርጦች ስብስብ» የሚባሉ አልበሞች የነጋዴ ብልጠት ናቸው፣ ጆሮ ያለው ሰው ሙሉውን አልበም ገዝቶ ይሰማል የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። በአብዛኛው እስማማለሁ። ፒንክ ፍሎይድ የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በስብስብ መስማት ከልብ ወለድ መሀል አምስት ገጽ ገንጥሎ እንደማንበብ ነው። ጸሐፊው ግን ለክሳቸው ምስክር አድርገው ያቀረቡት ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የሚባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ስብስብ «ክሮኒክል»ን መሆኑ አስገርሞኛል። ይህ ስብስብ ክሱ የማይመለከተው ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ በአሜሪካ ደቡብ የምትገኘው የሉዊዚያና ረግረግ ልጆች ስብስብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አራቱም ያደጉት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ኤል ሰሪቶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ጆን ፎገርቲ ይዘፍናል፣ መሪ ጊታር ይጫወታል፣ ዘፈኖቹንም እሱ ይደርሳል፤ ታላቅ ወንድሙ ቶም ሪትም ጊታር፣ ስቱ ኩክ ቤዝ፣ ዳግ ክሊፈርድ ድራም ይዘዋል። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1968 ወጣ፤ በጥቅምት 1972 ተበተኑ። በመሀሉ ሰባት የስቱዲዮ አልበም ሠርተዋል፤ ከሰባቱ ሦስቱ የወጡት በ1969 ብቻ ነው። ይህ ፍጥነት ሥራቸውን የሚያስረዳ ቁልፍ ነው። ያኔ ሌሎቹ የሳን ፍራንሲስኮ ባንዶች አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሲዘረጉት፣ ፎገርቲ የሚጽፈው ለሬዲዮና በደቂቃ 45 ጊዜ ለሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነበር። «ትራቭሊን ባንድ» 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። «ፎርቹኔት ሰን» እና «ባድ ሙን ራይዚንግ» እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ናቸው። መግቢያው በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፣ ድምፁ ይገባል፣ አዝማቹ ይመጣል፣ ዘፈኑ ያበቃል።

ስለዚህ የዚህ ባንድ ዋና ሥራ አልበሙ ሳይሆን ነጠላ ዜማው ነው። «ክሮኒክል» በጥር 1976 በፋንታሲ ሪከርድስ ሲወጣ ያደረገውም ይህንኑ ማወቅ ነው፤ ሃያ ዘፈኖችን በዘመናቸው ቅደም ተከተል ደረደረ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት ነገር አለ። ከሃያዎቹ ዘፈኖች አሥራ አራቱ ጥንዶች ናቸው፤ በአንድ ትንሽ ሸክላ ሁለት ገጾች ተቀርጸው የወጡ ሰባት ጥንዶች። «ባድ ሙን ራይዚንግ» ከ«ሎዳይ» ጋር፣ «ግሪን ሪቨር» ከ«ኮሞሽን» ጋር፣ «ዳውን ኦን ዘ ኮርነር» ከ«ፎርቹኔት ሰን» ጋር፣ «ትራቭሊን ባንድ» ከ«ሁል ስቶፕ ዘ ሬይን» ጋር፣ «አፕ አራውንድ ዘ ቤንድ» ከ«ረን ስሩ ዘ ጀንግል» ጋር፣ «ሉኪን አውት ማይ ባክ ዶር» ከ«ሎንግ አዝ አይ ካን ሲ ዘ ላይት» ጋር፣ በመጨረሻም «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን ዘ ሬይን» ከ«ሄይ ቱናይት» ጋር። ሌሎች ባንዶች በሳይድ ቢ፣ ማለትም በሸክላው ሁለተኛ ገጽ፣ ላይ የሚያኖሩት የተረፈ ዘፈን ነው። እነዚህ ግን ሁለት ተወዳጅ ዘፈኖችን በአንድ ሸክላ ዋጋ ይሸጡ ነበር።

ጥንዶቹን እያሰባችሁ ብትሰሙ የስብስቡ አካሄድ ይገለጥላችኋል። አንዱ ሲጮህ ሌላው ዝግ ይላል፤ አንዱ ሲያስጨፍር ሌላው ይቆጣል። «ዳውን ኦን ዘ ኮርነር» የመንገድ ዳር ሙዚቀኞች ፈንጠዝያ ነው፤ ከኋላው ያለው «ፎርቹኔት ሰን» የሹማምንትና የሀብታም ልጆች ከቬትናም ዘመቻ እንዴት እንደሚቀሩ የሚናገር ቁጣ ነው። ፎገርቲ መነሻ የሆነው የፕሬዚዳንት ኒክሰን ልጅና የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልጅ ልጅ ጋብቻ እንደነበር ተናግሯል። ራሱ በአሜሪካ ጦር ተጠባባቂነት ያገለገለ ሰው ስለነበር ነገሩን ከሩቅ አልጻፈውም። በመጀመሪያው የሁለት ሸክላ እትም ላይ ደግሞ በየገጹ አምስት አምስት ዘፈን ስላለ «ትራቭሊን ባንድ» የሁለተኛው ገጽ መዝጊያ፣ «ሁል ስቶፕ ዘ ሬይን» የሦስተኛው መክፈቻ ይሆናሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከወንበር መነሳት ግድ ነው፤ በ1970 ትንሹን ሸክላ የገዛ ሰውም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ያላቸው ታሪክ የሚያስቅ ነው። በአሜሪካ የነጠላ ዜማ ሠንጠረዥ አምስት ሸክላቸው 2ኛ ደረጃ ደርሷል፤ «ፕራውድ ሜሪ»፣ «ባድ ሙን ራይዚንግ»፣ «ግሪን ሪቨር»፣ «ትራቭሊን ባንድ» ከጥንዱ ጋር፣ እና «ሉኪን አውት ማይ ባክ ዶር»። አንድም ጊዜ 1ኛ አልወጡም። «ክሮኒክል» ግን በአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ ከ500 ሳምንት በላይ ቆይቷል። ጸሐፊው ይህንን የሽያጭ ብልጠት ይሉት ይሆናል። እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ብልጠት አላውቅም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዚያው በ1969 አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ያሳተመው በአብዛኛው ይህንኑ ባለ 45 ዙር ሸክላ ነው። የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማህሙድ አህመድና የእነ ጥላሁን ገሠሠ ዘመን ሥራ በብዛት የተቀመጠው ሁለት ዘፈን ብቻ በሚይዝ ሸክላ ነበር። በኋላ «ኢትዮፒክስ» የሚባሉት ስብስቦች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ ሲታተሙ ያንን ሙዚቃ ከመጥፋት ያወጡት በስብስብነታቸው ነው። ሙዚቃው በነጠላ ሸክላ ከተወለደ ስብስቡ ቤቱ ነው። ጂም ሪቭስንና ኬኒ ሮጀርስን የለመደ የአዲስ አበባ ጆሮም በ«ክሮኒክል» ውስጥ ያለውን የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ ቃና ለመያዝ አይቸገርም።

ስለዚሁ ቃና ጽሑፉ «የገበሬ ዘፈን በኤሌክትሪክ» ብሎ አልፎታል። አገላለጹ ስድብ ሆኖ ባይቀርብ ኖሮ እቀበለው ነበር። የካንትሪው ምንጭ የሙዚቃው መናኸሪያ የሆነችው የናሽቪል ከተማ ብቻ አይደለችም። ካሊፎርኒያ የራሷ ካንትሪ ነበራት፤ በቤከርስፊልድ ከተማ ባክ ኦወንስና ጓደኞቹ የናሽቪልን የቫዮሊን ቡድንና አጃቢ ዘማሪዎች ቀንሰው፣ ሹል ድምፅ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታርና ጠንካራ ድራም ያስገቡበት። ፎገርቲ በ«ሉኪን አውት ማይ ባክ ዶር» ግጥም ውስጥ ባክ ኦወንስን በስሙ ይጠራዋል፤ በዘፈኑ ውስጥ ዶብሮ የሚባለው በብረት ዘንግ የሚንሸራተት ጊታርም ይሰማል። «ሎዳይ» ደግሞ ጭብጡ ጭምር ካንትሪ ነው፤ ገንዘብ አልቆበት በትንሽ ከተማ መጠጥ ቤት ሲዘፍን የቀረ ሙዚቀኛ። ሎዳይ የምትባለው ከተማ እውነተኛ ናት፣ ፎገርቲ ግን ዘፈኑን ሲጽፍ ሄዶባት አያውቅም ነበር። የመጨረሻው የግጥም ክፍል ሲመጣ ዜማው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይቀጥላል፤ የሰውየው ምሬት በድምፅም ይሰማል። «ግሪን ሪቨር» ደቡብ ቢመስልም የተቀዳው ፎገርቲ በልጅነቱ ይዝናናበት ከነበረው በሰሜን ካሊፎርኒያ ዊንተርስ አጠገብ ካለው ፑታ ክሪክ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚመጣው ጩኸቱስ? ጩኸት ማለት የተበላሸ ድምፅ ማለት እንዳልሆነ ለመማር ይህ ባንድ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ፎገርቲ የታወቀበት አምፕሊፋየር ከስተም የሚባለው ባለ ትራንዚስተር ነው፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ጠንካራ ድምፅ ያለው። ጉልበቱ የሚመጣው ከአደራረጉ ነው። ቶም ፎገርቲ ኮርዱን ሳያጌጥ ይመታል፣ ኩክ በእግር ከሚመታው ድራም ጋር ተቆላልፎ ይሄዳል፣ ክሊፈርድ ምቱን አያጣድፍም። ማንም የሌላውን ቦታ ስለማይወስድ እያንዳንዱ መሣሪያ ትልቅ ሆኖ ይሰማል። «ረን ስሩ ዘ ጀንግል» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ኮርድ ላይ ነው የቆመው። በመግቢያው የሚሰማው የጫካ ድምፅ ወደ ኋላ የተቀዳ ጊታርና ፒያኖ ነው፤ ሃርሞኒካውን የሚነፋው ፎገርቲ ራሱ ነው። ብዙ ሰው ስለ ቬትናም ነው ይላል። ደራሲው ግን በአሜሪካ ስለተበተነው የጦር መሣሪያ ብዛት እንደጻፈው ተናግሯል።

ጊታር የሚጫወቱ አንባቢዎች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ቅኝቱን ነው። «ባድ ሙን ራይዚንግ» የሚሰማው በዲ ነው፤ ኮርዶቹ ዲ፣ ኤ እና ጂ ናቸው። በተለመደው ቅኝት እነዚህን ኮርዶች ይዛችሁ ብትመቱ ዜማው ልክ ይሆናል፣ ድምፁ ግን ቀጭን ነው። ፎገርቲ ጊታሩን በሙሉ አንድ ቶን ዝቅ አድርጎ በኢ፣ በቢ እና በኤ አያያዝ ይጫወተዋል። ይህን ለማግኘት ስድስቱንም ክር ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ ወደ ዲ፣ ኤ ወደ ጂ፣ ዲ ወደ ሲ፣ ጂ ወደ ኤፍ፣ ቢ ወደ ኤ፣ ቀጭኑ ኢ ወደ ዲ። ወፍራሙን ክር ብቻ ዝቅ ማድረግ አይበቃም፤ የኢ አያያዝ ይበላሻል። ካፖ የሚባለው በጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰር መቆንጠጫም አይረዳም፣ ካፖ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወስድም።

ዝቅ ስታደርጉ ሦስት ችግር ይገጥማችኋል። ክሩ ከላላ በፍሬቱ ላይ ይንጫጫል፤ ውፍረቱ በ9 የሚጀምር ቀጭን ክር ከሆነ ወደ 10 ወይም 11 ቀይሩት። ሁለተኛ፣ ክሩን ከላይ ወደ ታች አውርዳችሁ በዚያው ከተዋችሁት በመጫወት ላይ ሳለ ይወርዳል፤ ከሚፈለገው ድምፅ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱና መልሳችሁ እየጠበቃችሁ ወደ ልኩ አምጡት። ሦስተኛ፣ ጊታራችሁ በስፕሪንግ የተያዘ ተንቀሳቃሽ ድልድይ ካለው፣ የክሮቹ ውጥረት ሲቀንስ ስፕሪንጉ ድልድዩን ወደ ውስጥ ይስበዋልና አስቀድማችሁ የቃኛችኋቸው ክሮች ልካቸውን ይስታሉ። ዙሩን ሦስት አራት ጊዜ መድገም ግድ ነው፤ ድልድዩ ተጋድሞ ከቀረ ከጀርባ ያለውን ስፕሪንግ ማላላት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በአምፕሊፋየሩ ላይ ድምፁን የሚያሻክረውን ጌይን ዝቅ፣ ቮልዩሙን ከፍ አድርጉ። ዲስቶርሽን የሚባለውን መሻከር ካበዛችሁ የኮርዱ መካከለኛ ድምፆች ይዋጣሉ፤ ያን ጊዜ ዘፈኑ የየትኛውም ባንድ ይሆናል።

«ፕራውድ ሜሪ»ን ለመጫወት የሚነሳ ሰው ደግሞ መግቢያውን አይሩጥበት። ሲ እና ኤ እየተፈራረቁ ወርደው በዲ ላይ የሚያርፉት ኮርዶች፣ ፎገርቲ እንደተናገረው፣ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ አጀማመር አስቦ የሠራቸው ናቸው። ዘፈኑን የጻፈው በ1968 ከጦር ተጠባባቂነት የመሰናበቻ ወረቀቱ በደረሰው ሰሞን ነው። በ1971 አይክና ቲና ተርነር ፈጽሞ ሌላ አድርገው ዘፈኑት፣ እሱም 4ኛ ደረጃ ደረሰ። በሠርግ ቤት ባንዶች የሚሰማው ፈጣኑ አጨዋወት ከእነሱ የተወሰደ ነው፤ የመጀመሪያው ግን በእርጋታ እንደሚሄድ የወንዝ ጀልባ የተመጠነ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልመን። «ክሮኒክል» የሚያስቀረው አለ፤ ያስቀረውም ትንሽ አይደለም። የ«ፕራውድ ሜሪ» ሳይድ ቢ የነበረው «ቦርን ኦን ዘ ባዩ» የለበትም፤ ለብዙ አድማጭ የባንዱ ድምፅ ማለት ያ የሚንቀጠቀጥ የጊታር መግቢያ ነው። «ዘ ሚድናይት ስፔሻል»ም የለም። «ኮስሞስ ፋክቶሪ» ከሚባለው የ1970 አልበማቸው አሥራ አንድ ዘፈኖች ሰባቱ እዚህ ገብተዋል፣ ግን ያንን አልበም የሚከፍተው «ራምብል ታምብል»፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄደው፣ ቀርቷል፤ ነጠላ ዜማ ሆኖ አልወጣምና። «ሱዚ ኪው»ም በአልበሙ ላይ ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ የነበረው እዚህ ከአምስት ደቂቃ በታች ተቆርጧል። እኔ ይህንን ቆረጣ አልወደውም፤ የጊታሩ ጉዞ ገና ሲሟሟቅ ድምፁ እየራቀ ይጠፋል። ደግሞም መጨረሻው ላይ የባንዱ መድከም ይሰማል። ቶም በ1971 መጀመሪያ ከወጣ በኋላ የተሠሩት «ስዊት ሂችሃይከር» እና «ሰምዴይ ኔቨር ካምስ» ከቀደሙት ጎን ሲቆሙ ሳስተው ይታያሉ። ሆኖም የዘመን ቅደም ተከተሉ ይህንንም ሳይደብቅ ማሳየቱ ለኔ ጥንካሬው ነው፤ የፎገርቲ ወላጆች መለያየት ያለበት ያ የመጨረሻ ዘፈን ከመፍረሳቸው በፊት የወጣ የመጨረሻ ነጠላ ዜማቸው ነው።

መግዛት ለሚፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ስሙን በደንብ አንብቡ። ኩክና ክሊፈርድ በ1995 «ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቪዚትድ» የሚል ሌላ ባንድ አቋቁመው የድሮዎቹን ዘፈኖች በመድረክ ተጫውተዋል፣ ቀርጸውም አውጥተዋል። የዘፈኖቹ ዝርዝር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚዘፍነው ግን ፎገርቲ አይደለም። ዋናው ባንድ «ሪቫይቫል» ነው። በ2025 ደግሞ ፎገርቲ ራሱ የድሮ ዘፈኖቹን እንደ አዲስ ቀርጾ አውጥቷል፤ በስልክ መተግበሪያ ስትፈልጉ እሱም አብሮ ይመጣል። መጥፎ አይደለም፣ ግን የ1969ኙ ድምፅ አይደለም። በ1972 የወጣው «ክሪደንስ ጎልድ» ስምንት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ ረጅሙን «ሱዚ ኪው» የሚፈልግ ሰው ግን እዚያ ያገኘዋል። «ክሮኒክል» ቁጥር ሁለት የሚባለው የ1986 ስብስብ ደግሞ ሌላ ሃያ ዘፈን ነው፤ «ቦርን ኦን ዘ ባዩ» እና «ዘ ሚድናይት ስፔሻል» ያሉት እዚያ ነው። ያለ መጀመሪያው እሱን መግዛት አልመክርም።

ያገለገለ ሸክላ የሚገዛ ሰው ሁለቱም ሸክላዎች በሽፋኑ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጥ፤ በየመለያው ላይ ያለውን የገጽ ቁጥር ከ1 እስከ 4 ማየት ነው። አንዱ ጠፍቶ በቦታው የሌላ ሸክላ መግባት የተለመደ ነው። የአሜሪካው የመጀመሪያ እትም የካታሎግ ቁጥሩ ሲ ሲ አር-2 ነው። ቀጥሎ የአራተኛውን ገጽ የመጀመሪያ ዘፈን ርዝመት አንብቡ። «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን» በአንዳንድ እትም ለነጠላ ዜማ የተቆረጠው 3 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው፤ በሲዲውና በአንዳንድ ሸክላ ላይ ደግሞ ሙሉው 11 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። በአጭሩ አራተኛው ገጽ 16 ደቂቃ ያህል ነው፣ በረጅሙ ከ23 ያልፋል። ይህ ለድምፁ ትርጉም አለው። የአንድ ገጽ ደቂቃ ሲበዛ መርፌው የሚሄድባቸው ጎድጓዶች ተጠጋግተው መቀረጽ ስላለባቸው፣ ቤዙና የድምፁ ከፍታ መቀነስ ይኖርበታል። ሁለተኛው ገጽ 12 ደቂቃ ተኩል ብቻ በመሆኑ ቀራጩ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ሰፊ ቦታ አለው። ሸክላውን በዚህ ገጽ ሞክሩት፤ «ግሪን ሪቨር» ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ ከመርፌው፣ ከቆሻሻው ወይም ከሸክላው ማለቅ ሊሆን ይችላል።

ማጠቢያው የተጣራ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ነው፤ ብሩሹ ጎድጓዶቹን ተከትሎ በክብ ይሂድ እንጂ አያቋርጣቸው፣ የመሀሉ ወረቀትም አይርጠብ። አልኮል ለቪኒል በጥቂቱ ይበቃ ይሆናል፣ ለጥንቱ ባለ 78 ዙር ሸክላ ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ያሟሟዋል። የመርፌውን ክብደት የመርፌው አምራች በጻፈው ልክ አስተካክሉ። ሸክላውን እንዳይጎዳ ብሎ ማቅለል የሚበዛ ስሕተት ነው፤ የቀለለ መርፌ በጎድጓዱ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይፍቃል። ወደ መሀል ሲጠጋ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች መሻከር ከጀመሩ የመርፌው አቀማመጥ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። በስልክ ለሚሰሙ ደግሞ ምክሩ አጭር ነው። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚቀያይረውን ማዘበራረቂያ አጥፉ፣ ዘፈን በዘፈን ላይ የሚደርበውንም አጥፉ። ጥንዶቹን የሚለያየው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ብቻ ያለውን ዘፈን መግቢያና መውጫ ይበላል። በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ የኩክ ቤዝ በደንብ ስለማይሰማ የባንዱ ግማሽ ይጎድላል።

ጸሐፊው ያነሱት የገንዘብ ጥያቄ፣ ማለትም ገንዘቡ ለማን ይደርሳል የሚለው፣ የራሱ መልስ አለው። ስብስቡን ያወጣው ባንዱ ሳይሆን ኩባንያው ነው፣ እውነት ነው። ፎገርቲ ከፋንታሲ ውል ለመውጣት የድሮ ዘፈኖቹን የሮያሊቲ ክፍያ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚደርሰውን ድርሻ፣ ለቆ ነበር። በኋላ ኩባንያው የፎገርቲ «ዚ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» የ«ረን ስሩ ዘ ጀንግል» ቅጂ ነው ብሎ ከሰሰው፤ ማለትም የራሱን ዘፈን ሰረቅህ አለው። በ1988 ፎገርቲ ጊታሩን ይዞ ችሎት ቀርቦ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እየተጫወተ አሳየና የሕዝብ ዳኞች ነጻ አወጡት። የጠበቃ ወጪው ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1994 ለእሱ የሚበጅ ውሳኔ ተሰጠ። በ2004 ኮንኮርድ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ፋንታሲን ሲገዛ የሮያሊቲ ክፍያው ተመለሰለት፤ በጥር 2023 ደግሞ ፎገርቲ ራሱ የዘፈኖቹን የድርሰት መብት አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። በ1980 ሸክላውን የገዛ ሰው ገንዘብ ለደራሲው አልደረሰ ይሆናል፤ ዛሬ የሚገዛው ሰው ግን ይህን ቅሬታ በቀድሞው መልክ ሊያነሳ አይችልም።

ከጽሑፉ ጋር የታተመው የዘፈኖች ዝርዝር ላይ «ቦርን ኦን ዘ ባዩ» የ«ክሮኒክል» ሦስተኛ ዘፈን ተብሎ ተቀምጧል። ከላይ እንዳልኩት በመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ የለም። ሦስተኛው «ፕራውድ ሜሪ» ነው፤ ከእሱ በፊት «ሱዚ ኪው» እና «አይ ፑት ኤ ስፔል ኦን ዩ» አሉ፣ ሁለቱም የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች፤ አንዱ የዴል ሆኪንስ፣ ሌላው የስክሪሚን ጄይ ሆኪንስ። በሚቀጥለው እትም እርማቱን ብታወጡልን፣ ዝርዝሩን ቆርጦ ይዞ ወደ ሸክላ ሻጭ የሚሄድ አንባቢ ከመሳሳት ይድናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአምዱ ተከታታይ አንባቢ